ወገቧን ማን ይያዝላት?

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው መካነ ሰላም ይደርሳል። በሰሜን በኩል የሳይንት ደጋ ብርድና ጉም አለ። በደቡብና በምዕራብ ምድሩ እየተቆራረጠ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከመኪና መንገዱ ወጣ ሲሉ የእግር መንገዱ ገደል ለገደል ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሞላና መንደርን ከመንደር ይለያል። በዚህ አገር ምጥ የያዛት ሴት መጀመሪያ የምታገኘው ሰው ሐኪም አልነበረም። ጎረቤቷ፣ እናቷ ወይም አክስቷ ነበረች።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች «ዱውላ» የምትባል ባለሙያ አለች። አታዋልድም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ መርፌም አትወጋም። ሥራዋ ምጡ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ልጁ ጡት እስኪይዝ ድረስ ከእናቲቱ ጎን አለመለየት ነው። ወገቧን ታሻለች፣ ውኃ ታቀምሳታለች፣ ታበረታታታለች፣ የሐኪሙን ቃል ታስረዳታለች። ለዚህም ይከፈላታል። ያቺ ሴት በወሎ ደጋ በየመንደሩ ነበረች፤ የሚከፍላት ግን አልነበረም። ይህ ትረካ ያቺ ሴት ከምጥ ቤት እንዴት እንደወጣችና ተመልሳ ለመግባት ምን ያህል ዘመን እንደፈጀባት የሚናገር ነው።

ሐኪም ቤት ከመምጣቱ በፊት

በአማራው ባህል ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ ከባሏ ቤት ወጥታ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች። በምጧ ሰዓት ከባሏ ዘመዶች ይልቅ የምታውቃቸው እጆች እንዲይዟት የታሰበበት ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ልጆች በራሷ ቤት ብትወልድም ብቻዋን አትሆንም። ምጥ ያዛት የሚለው ወሬ ሲሰማ ሴቶቹ እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ ጥለው ይመጣሉ።

ከመጡት መካከል ልምድ ያላት አንዷ አዋላጅ ናት። ሌላዋ ከኋላ ሆና ወገቧን ትይዛለች፤ ምጡ ሲመጣ እያጠበቀች፣ ሲያልፍ እየለቀቀች። አንዷ ሆዷን በቅቤ ታሻለች። ተልባ የሚበጠብጡም አሉ፤ ማሕፀኑን ያለሰልሳል ተብሎ ይታመናል። ምድጃው አጠገብ ያሉት ለገንፎው ዱቄት ያዘጋጃሉ። ምጥ የያዛት ሴት እንደተመቻት ትንበረከካለች፣ ትቀመጣለች፣ ምሰሶ ይዛ ትቆማለች። ባሏ ውጭ ነው።

ጸሎቱም የምጡ አካል ነበር። ክርስቲያኖቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸናሉ። ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር ባለበት በሳይንት ምድር ይህ ጥሪ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ማሕፀን ፈቺ የሚባለው ቅዱስ ሩፋኤልም ይጠራል፤ ድርሳኑ ከራስጌ ይቀመጣል። ልጅ የማይበረክትላት እናት የሾተላይ ክታብ ታስራለች። ወሎ ደግሞ ሙስሊምና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የኖረበት አገር ነውና በሙስሊሞቹ ቤት እናቶች ተሰብስበው ቡና አፍልተው ለነፍሰ ጡሯ ዱዓ ያደርጋሉ። ጎረቤት ለጎረቤት ሲሆን ሃይማኖቱ በር ላይ አያቆምም ነበር፤ ምጥ የያዛትን ሴት ለመያዝ ክርስቲያኗ ወደ ሙስሊሟ፣ ሙስሊሟም ወደ ክርስቲያኗ ቤት ትሄዳለች።

ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ምርቃት ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከዚያ ገንፎው፣ አብሹ፣ አጥሚቱ፣ የአራስ ጥየቃው አለ። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላና ክርስትና እስኪነሳ ድረስ አራሷ ከሥራ ትጠበቃለች።

ይህን ሁሉ እያደነቅሁ እንኳ አንድ ነገር መሸሸግ አልፈልግም። ደሙ አልቆም ሲል እነዚያ ሴቶች መድኃኒት አልነበራቸውም። ልጁ ሲጋደም ወይም የእናቲቱ ዳሌ ሲጠብበት በጸሎትና በመወዝወዝ የሚፈታ አልነበረም። ከፍ ባለ የደም ግፊት ምክንያት የምትንቀጠቀጥ እናት መንፈስ ያዛት ተብላ ጠበል ይረጫት ወይም ይጨስላት ነበር። ሁለትና ሦስት ቀን ያማጠች ሴት ብትተርፍ እንኳ ልጇ ይሞታል፤ እሷም ፊስቱላ በሚባለው ጉዳት ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው ተለይታ ልትኖር ትችላለች። ነገሩ ሲከፋ የሚጠራው ቅሬ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር፣ ሬሳ ብቻ ሳይሆን በሽተኛም በቃሬዛ ይሸከማል። ግን ተሸክሞ የት ያደርሳታል?

የመንደሯ አዋላጅ ሁለት ሥራ ይዛ ነበር ማለት ነው። አንደኛው አብሮ መሆን ነው፤ በዚህ የሚወዳደራት አልነበረም። ሁለተኛው ከሞት ማትረፍ ነው፤ ለዚህኛው ግን እጇ ባዶ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ የሚጠነጠነው እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ ተቆጥረው አብረው በመመዘናቸው ላይ ነው።

ከ1934 እስከ 1966፦ የልዕልቷ ሞትና ያልጸናው ትምህርት ቤት

ነሐሴ 1934 የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ባለቤቷ ልጅ አብይ አበበ ወለጋን በሚያስተዳድርበት ዘመን ነቀምት ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት አረፈች። ዕድሜዋ 22 ነበር። በስደት ዘመኗ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ ነርስ ሆና ነበር። አገሯ ተመልሳ ሕክምናን ለማስፋፋት ካሰቡት ቀዳሚዎቹ መካከል የሆነች ሴት፣ የንጉሥ ልጅም ሆና፣ ወሊድ ወሰዳት። የንጉሡ ልጅ ካልተረፈች የቦረናዋ ገበሬ ሚስት ዕድል ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ በማሰባሰብ ደከመች፤ ሆስፒታሉም በ1940ዎቹ ተከፈተ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የዘመናዊ ሕክምና እጅ ወደ ሰሜኑ ገጠር መዘርጋት የጀመረው በእነዚህ ሰዎች ነው።

በ1951 አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንድ ተወላጁ ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ በዚሁ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፊስቱላ ሆስፒታላቸው ነው። የመጡት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም። ትምህርት ቤቱ ተጀምሮ ጥቂት አዋላጆች ብቻ እንዳስመረቀ በጀት አጥቶ ተቋረጠ። በምጥ የተጎዱ ሴቶች ግን ከየገጠሩ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ባልና ሚስቱ ከ15 ዓመት ግድም በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። በጊዜው አዋላጅ ያላገኘችው እናት ቁስል ነበር የሚጠገነው።

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የተፈጠረ አንድ ልማድ ለያዝነው ጉዳይ ቅርብ ነው። ታክመው የዳኑ ሴቶች አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው አዲስ የሚመጡትን መንከባከብ ጀመሩ። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ያጥባሉ፣ ከሁሉም በላይ አጠገባቸው ተቀምጠው «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ይላሉ። ከእነዚህ አንዷ ማሚቱ ጋሼ የቀዶ ሕክምናውን ጭምር ተምራ በዓለም ዘንድ የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች። አብሮ መሆን የሕክምና ክፍል ሊሆን እንደሚችል እነዚያ ሴቶች ማንም ጥናት ሳያደርግ አሳይተዋል።

በዚህ ሁሉ ዘመን የወሎ ምዕራብ ደጋ ምጥ እንደ ጥንቱ ነበር።

ከ1970 እስከ 1983፦ ምላጭ፣ ሳሙናና ክር

በጳጉሜን 1970 ዓለም በአልማ አታ ከተማ ተሰብስቦ ጤና ለሁሉም የሚል ዓላማ አወጀ። ሐኪም በሌለበት አገር የመንደሩን ሰው ማሠልጠን አንዱ መንገድ ሆኖ ቀረበ። የደርግ መንግሥት ይህን ተቀብሎ በየገበሬ ማኅበሩ ጤና ጓዶችንና የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን ጀመረ። መንደር ውስጥ በስሟ ብቻ የምትታወቀው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፈረች። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ እትብትን በአዲስ ምላጭ መቁረጥ፣ በንጹሕ ክር ማሰር፣ እንግዴ ልጁን አለመጎተት፣ ነገሩ ሲከብድ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ተማረች።

ቅን ሐሳብ ነበር። ግን የተማረችውን የምትሠራበት ዕቃ ሲያልቅ የሚተካላት የለም፤ ላከች ቢባል እንኳ የምትልክበት መንገድ አልነበረም። በዚያ ላይ 1977 መጣ። ወሎ ተራበ፤ መንደሮች ተበተኑ፤ ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሰፈረ። እርስ በርስ ወገብ የሚያያዙ ጎረቤታሞች ተለያዩ። ስለዚያ ረኀብ ብዙ ተጽፏል፤ በመንገድ ላይና በመጠለያ የወለዱ እናቶች ግን ገና የሚጽፍላቸው አላገኙም።

በየካቲት 1979 ናይሮቢ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ እንደሚሞቱ አስታውቀው ዓለምን ቀሰቀሱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን ብቻውን የእናቶችን ሞት እንደማይቀንስ እየታመነበት ሄደ። እውነት ነው፤ ደም የሚያቆመው መርፌ፣ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ልጁን በቀዶ የሚያወጣው እጅ በመንደር አይገኙም። ዓለም አቀፉ አቅጣጫ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ ዞረ። የተመዘነችው በማትረፉ ሥራ ነበር፤ ሲፈረድባት ግን አብሮ መሆኑም አብሯት ተወገደ።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1991፦ ጓቲማላና ሂውስተን

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ ተቃራኒው ነገር እየተገኘ ነበር። በጓቲማላ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል እናቶች ዘመድ ሳይገባላቸው በተጨናነቀ ክፍል ብቻቸውን ያምጡ ነበር። ሮቤርቶ ሶሳ፣ ጆን ኬኔልና ማርሻል ክላውስ የተባሉ ሐኪሞች ባልደረቦቻቸውን ይዘው ቀላል ሙከራ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ እናቶች ቀድመው የማያውቋት፣ የሕክምና ትምህርት የሌላት ሴት አጠገባቸው እንድትሆን ተመደበች። እጃቸውን ትይዛለች፣ ጀርባቸውን ታሻለች፣ ታወራቸዋለች። ሌላ የምታደርገው ነገር የለም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ያለ ችግር ከወለዱት መካከል ብቻቸውን ያማጡት ሆስፒታል ገብተው እስኪወልዱ በአማካይ ከ19 ሰዓት በላይ ሲፈጅባቸው፣ አጋዥ ያገኙት ከ9 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተገላገሉ። ከ11 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ሂውስተን የተደረገ ሙከራ ደግሞ አጋዥ ካልነበራቸው 18 በመቶው በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ፣ አጋዥ ከነበራቸው 8 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳየ።

ምክንያቱ ከተአምር የራቀ ነው። የፈራች ሴት ሰውነቷ ለሽሽት ይዘጋጃል፤ በፍርሃት ጊዜ የሚመነጨው ንጥረ ነገር ማሕፀኑ እንዳይኮማተር ያውካል፣ ምጡ ይጓተታል። ምጡ ሲጓተት ሐኪሙ ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት ያዛል፣ ከዚያም ወደ ቢላዋው ይኬዳል። የምታምነው ሰው አጠገቧ ያለ ሴት ግን ትረጋጋለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ትጠጣለች፣ አቀማመጧን ትቀያይራለች። ከወለደች በኋላም ቢሆን ደም ሲበዛባት ሮጦ አዋላጇን የሚጠራ ሰው አላት ማለት ነው።

ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለች ማንኛዋም አሮጊት ይህን ብትሰማ አዲስ ነገር አይሆንባትም። ለእኔ ግን ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው። ምዕራቡ ዓለም የጠፋበትን አጋዥ በጥናት ፈልጎ ማግኘት በጀመረባቸው ዓመታት፣ እኛ ያለችንን ለመተው እየተዘጋጀን ነበር።

ከ1995 እስከ 2003፦ ልጅ ለእናቷ

በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ይሠራል፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ይመደባሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ አለፈ። በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከለላ ገጠር ደብተርና ቦርሳ ይዘው ቤት ለቤት የሚሄዱት ልጆች የገጠሩን ጤና ለውጠዋል። ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል በእነሱ እግር ነው የገባው።

ወሊድ ላይ ሲደርሱ ግን ከበዳቸው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት የተነገረ ይመስል፣ ያልወለደች ወጣት ስምንት ለወለደች እናት ስለ ምጥ ልታስተምር ተላከች። እናቶቹ አከበሯት፣ ቡና አፈሉላት፣ ምጥ ሲይዛቸው ግን የጠሩት አሮጊቷን ነው። በ1992 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በ1997ም ቁጥሩ ያው 5 በመቶ ነበር። በ2003 ወደ 10 በመቶ ቢደርስም፣ ከ100 ሺሕ ወላዶች 676 ያህሉ ይሞቱ እንደነበር ጥናቱ ገምቷል። ቤታቸው የወለዱት ለምን ወደ ተቋም እንዳልሄዱ ሲጠየቁ አብዛኞቹ አያስፈልግም አሉ፤ ልማዳችን አይደለም ያሉትም ብዙ ነበሩ። መንገዱን ምክንያት ያደረጉት ከእነዚህ ያንሳሉ። እናቶቹ የለመዱትን ምጥ እዚያ እንደማያገኙት ያወቁ ይመስለኛል።

ከ2004 እስከ 2008፦ አምቡላንሱ መጣ፣ በሩ ተዘጋ

ከ2004 ወዲህ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። አምቡላንስ ለየወረዳው ታደለ። የወሊድ አገልግሎት በነፃ ሆነ። አዋላጅ ነርሶች በብዛት መመረቅ ጀመሩ። ጤና መኮንኖች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተምረው በየወረዳው ሆስፒታል ተመደቡ። መካነ ሰላም የራሷን ሆስፒታል ስታገኝ፣ ምጥ የጠናባትን እናት እስከ ደሴ ማድረስ ግድ የነበረበት ዘመን ማብቃት ጀመረ። ሴቶች በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ጎረቤት ውስጥ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ወር እንደገባ ይከታተሉ ነበር። «አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት መሞት የለባትም» የሚለው መፈክር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተጻፈ። ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ቀበሌ መባል ክብር ሆነ። ቅሬው የሚሸከመው ቃሬዛም አምቡላንስ እስከሚቆምበት መንገድ ድረስ የሚያደርስ ባህላዊ አምቡላንስ ተባለ።

በ2008 የተደረገው ጥናት በተቋም የወለዱትን 26 በመቶ አደረሰው፤ የሟቾች ግምትም ከ100 ሺሕ ወላዶች ወደ 412 ወረደ። በ2011 ደግሞ 48 በመቶ የሚሆኑት በተቋም እንደወለዱ ታወቀ። ይህን የሚያቃልል ሰው ካለ የእናቶቹን መቃብር ያልቆጠረ ነው።

የልምድ አዋላጇ በዚህ ጊዜ ማዋለድ ተከለከለች። ሥራሽ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት ነው ተባለች። እሺ ብላ አመጣች። አብራት ሌሊቱን ተጉዛ፣ ወገቧን ይዛ፣ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ግን «እዚህ ቁሚ» ተባለች። እናቲቱ ብቻዋን ገብታ በጀርባዋ እንድትተኛ ታዘዘች። ተንበርክኮ መውለድ፣ ተልባ መጠጣት፣ ጮክ ብሎ ማርያምን መጥራት ቀረ።

ባለሙያዎቹ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ መረዳት ይቻላል። በአንዱ ክፍል ሁለት ሦስት አልጋ አለ፤ በመካከላቸው መጋረጃ የለም፤ የአንዷ ዘመድ ሲገባ የሌላዋ ገላ ይታያል። ኢንፌክሽን ይፈራል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ሦስት ምጥ ስትከታተል ዘመድ ሲጨመርባት ይጨንቃታል። አንዳንዶች ደግሞ ሲሠሩ መታየት አይፈልጉም ነበር። ቢሆንም ለእናቲቱ የተረፋት አንድ ነገር ነው፤ በሕይወቷ እጅግ በፈራችበት ሰዓት የምታውቀው ፊት የለም። ሁለተኛውን ልጇን ቤቷ ብትወልድ ማን ይፈርድባታል?

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን አንድ መልካም ነገር ተስፋፋ። የእናቶች ማቆያ ይባላል፤ በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል ከ1968 ጀምሮ የነበረ ሐሳብ ነው። ከሩቅ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ታርፋለች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እነዚህ ቤቶች በመላ አገሪቱ ተበራከቱ፤ ሕዝቡ እህል እያዋጣ፣ ገንፎው እዚያው እየተገነፋ፣ ቡናው እየተፈላ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ገንፎ መሠራቱ ቀላል ነገር ለሚመስለው ሰው፣ አራስ ቤቱ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ የመጀመሪያው መሆኑን ልጠቁም። መጀመሪያ የገባው ገንፎው ነው። ሴትየዋ ገና ደጅ ነበረች።

ከ2008 እስከ 2012፦ በሩ በከፊል ተከፈተ

በ2008 የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አደረገ። ሐሳቡ እናቶችን ወደ ተቋም ማምጣቱ ብቻ እንደማይበቃ መታመኑን ያሳያል። ሲሰደቡ፣ ሲጮኽባቸው፣ ያለ ፈቃዳቸው ሲነኩ እንደነበር በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች ማውጣት ጀምረው ነበር።

በዓለም ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በ17 አገሮች ከ15 ሺሕ በላይ ሴቶችን ያካተቱ ሙከራዎች በአንድነት ተመዘኑ። ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ያለ ቀዶና ያለ መሣሪያ የመውለዳቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ምጣቸው አጠር ይላል፤ ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ትዝታ የሚይዙት ያንሳሉ፤ የልጆቻቸውም የመጀመሪያ ደቂቃዎች የተሻሉ ናቸው። በየካቲት 2010 የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛዋም እናት የመረጠችው ሰው በምጧና በወሊዷ ጊዜ አብሯት እንዲሆን የሚል ምክረ ሐሳብ በወሊድ መመሪያው ውስጥ አጸናው። የአገራችንም የወሊድ አገልግሎት መመሪያዎች ይህንኑ ያዙ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ወደ አልጋው እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ። አንዳንድ ጤና ጣቢያ መጋረጃ ሰቀለ፤ እናት፣ አማት ወይም እህት ገብታ ከራስጌ እንድትቆም ፈቀደ። አዋላጅ ነርሶቹ የፈሩት መጨናነቅ ወደ እርዳታ ሲለወጥ አዩ። ውኃ የምታቀብል፣ ላብ የምትጠርግ፣ ልጁን ሙቀት እንዲያገኝ ደረቷ ላይ የምታስቀምጥላት ሰው አለ። ሌሎች ጋ ደግሞ በሩ እንደተዘጋ ቀረ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ በብዙ አገሮች የነበረው ጥቂት ፈቃድ ጭምር ታገደ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቫይረሱ የተያዘች እናት እንኳ አጋር የማግኘት መብቷ እንዳይነካ ማሳሰብ ነበረበት።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። በአገራችን ገጠር የምጥ አጋዥ ለመሆን ከልምድ አዋላጇ የተሻለ ሰው የለም። ማዋለዱን ለሠለጠነችው ትተወው፤ እሱ ተገቢ ነው። ወገብ መያዙን ግን ከእሷ የሚያስተካክል ማንም የለም። አሥር ደቂቃ ውስጥ እናቲቱን ማረጋጋት ታውቃለች፣ ቋንቋዋን ታውቃለች፣ ቤተሰቧን ታውቃለች፣ ጸሎቷን ታውቃለች። ምዕራባውያን በክፍያ የሚያሠለጥኗት ሴት በየቀበሌው በነፃ ተቀምጣለች።

ከ2014 ወዲህ፦ መንገዱ ሲዘጋ

በ2014 መጀመሪያ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ደቡብ ወሎ ገባ። ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቀው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ፤ በዞኑ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ መሣሪያዎች ተሰባበሩ። የደሴው ሆስፒታል የምዕራቡ ደጋ የመጨረሻ መሸሸጊያ ነበርና ጉዳቱ የደረሰው ከተማዋ ላይ ብቻ አይደለም። ከመካነ ሰላም ወደዚያ የሚላክ ከባድ ምጥ የሚደርስበት ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በሐምሌ 2015፣ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገዶች ተዘጉ፣ የሰዓት እላፊ ተጣለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ባወጣው ሪፖርት በክልሉ በጤና ባለሙያዎች፣ በተቋማትና በአምቡላንሶች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን ዘርዝሯል። ለአንባቢ የሚቀርበው ዜና ስለ ጦሩ ነው። ለነፍሰ ጡሯ ግን ነገሩ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምጡ ሌሊት ቢመጣ አምቡላንሱ ይመጣል ወይ? ካልመጣ ቅሬው በቃሬዛ ተሸክሞ በጨለማ ኬላ እንዴት ያልፋል?

መልሱ ብዙ ጊዜ «አይመጣም» ነው። ምጥ አዋጅ አያነብም፤ ሌሊት ሲመጣ የሚቀሩት ያቺው ጎረቤትና ያቺው አሮጊት ናቸው። ለዓመታት ማዋለድ ተከልክላ ዕቃዋን የጣለች፣ እጇም የላላ ሴት እንደገና ትጠራለች። ደም ቢፈስ አሁንም መርፌ የላትም። የምጥ አጋዥ የአምቡላንስ ምትክ አይደለችም፤ አምቡላንስም የምጥ አጋዥ ምትክ አይደለም። የወሎ እናት በ1970ዎቹ አንዱን ብቻ ነበር ያገኘችው፣ በ2004 ደግሞ ሌላውን ብቻ፤ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት የማግኘት ዕድል በከፊል የከፈቱላት ዓመታት ከ2008 እስከ 2012 ያሉት ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ደጋ አሁን መሠራት ያለበት ነገር ዝርዝሩ የታወቀ ነው። አምቡላንስና አዋላጅ ማንም ወገን ሳያስቆማቸው ይለፉ። የማቆያ ቤቶቹ ይሞሉ፤ የመንገዱን መዘጋት የሚቀድመው ቀደም ብሎ መምጣት ብቻ ነውና። የልምድ አዋላጇ ስታመጣት ደጅ ሳትቀር ትግባ፤ ጋውን ትልበስ፣ እጇን ትታጠብ፣ ከራስጌ ትቁም። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት በአልጋና በአልጋ መካከል የሚሰቀል መጋረጃና ለአዋላጅ ነርሷ የሚሰጥ የአንድ ቀን ገለጻ ነው። በቅሬው ስብሰባ ላይ ቃሬዛ ተሸካሚ ሲመደብ፣ አብራት የምትገባውም ሴት በዚያው ቀን በስም ትመደብ።